ወጌሻው የፈታው ማሰሪያ

አንድ ወጌሻ ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም። ልጅሽን በእግዚአብሔር ቃል አሳደግሽ፤ ልጁ ግን ቤቱን ጥሎ ጠፋ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አሁን «ልምጣ ወይ?» ብሎ ላከብሽ። የማኅበር ጓደኞችሽ ደግሞ የጥበብ መጻሕፍቱን ገልጠው፣ በቅን መንገድ የተመራ ልጅ አይጠፋምና ጥፋቱ የእናቱ ነው፣ በደልሽን እስክትናዘዢ ልጁ አይምጣ አሉሽ። አንቺም «ቃሉ ዋሸ ወይስ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ?» ብለሽ እኔ የነፍስ አባትሽ ዘንድ መጣሽ። ሰምቼሻለሁ። አሁን አንቺ ስሚኝ።

ይህ ወጌሻ አጥንት ሲገጥም ያየው ሁሉ ይደነቅ ነበር። እጁ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ የተሰበረ ክንድ ላይ ሲያርፍ ግን ሕፃን እንኳ ለቅሶውን ይተው ነበር። ከሩቅ አገር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡለት ነበር። አርባ ዓመት የሠራበትን ሙያ በአጫጭር ቃል አድርጎ ለተማሪዎቹ ያስተምራል፤ ስብራቱን ስለሚደግፈው ቀርከሃ አቆራረጥ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ቅቤው። ከትምህርቱ አንዱ፣ ስብራት አጥብቀው ሲያስሩት ሕመሙ ይበርዳል የሚል ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ ከበቅሎ ወድቄ አይቼዋለሁ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን ሁሉ በቃሉ አጠና። አንድ ቃል አይስትም። ትጉህ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም።

አንድ ቀን ወጌሻው ለቅሶ ሄዶ ሳለ አንድ ገበሬ ጣሪያ ሲከድን ወድቆ፣ ክንዱ ተሰብሮ መጣ። ተማሪው እንደ ተማረው አጥንቱን ገጠመ፣ ቀርከሃውን ደረደረ፣ አጥብቆ አሰረ። ገበሬው አመስግኖ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ግን እያቃሰተ ተመለሰ።

«አላስተኛኝም ጌታው፤ ጭራሽ ብሶብኛል።»

ተማሪው የመምህሩን ቃል አሰበ። አጥብቀው ያሰሩት ስብራት ሕመሙ ይበርዳል። የዚህ ሰው አልበረደም። እንግዲያው ሰውየው አንድ ነገር አጥፍቷል ማለት ነው።

«አነቃንቀኸዋል» አለው።

«ኧረ በማርያም! ከተጋደምኩበት አልተነሣሁም።»

«ካልተነቃነቀማ አያምህም። እንጨት ፈልጠህ ይሆናል፤ አትደብቀኝ።»

ገበሬው ማለ፣ ተገዘተ። ተማሪው ግን በማሰሪያው ላይ ሌላ ጨርቅ ጠምጥሞ ይበልጥ አጠበቀው። በመጨረሻ ገበሬው ራሱ ግራ ገባውና፣ ምናልባት በእንቅልፌ አነቃንቄው ይሆናል እያለ ራሱን ይወቅስ ጀመር። እኔን የሚያበግነኝ ይህ ነው።

ከቀትር በኋላ ወጌሻው ከለቅሶ ተመለሰ። ገበሬው አጠገብ ቁጭ ብሎ ከማሰሪያው የወጡትን ጣቶች በእጁ ያዘ። ቀዝቅዘዋል፤ ጥፍሮቹም ጠቁረዋል። ወዲያው ቢላዋ አውጥቶ ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

ተማሪው ደነገጠ። «ጋሼ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ወጌሻው የገበሬውን ጣቶች ቀስ እያለ እያሸ መለሰለት። «ብያለሁ፤ ወደ ፊትም እላለሁ። ያልኩህ ግን ክንዱን እንድታድንበት ነበር። እብጠቱን አታይም? ያበጠ ክንድ ሲጠብቅ ደም አይደርሰውም። እንዲሁ ሌላ ሌሊት ቢያድር ኖሮ እጁ ይቆረጥ ነበር። አንተ ግን በእኔ ቃል ሰውየውን ትከሰዋለህ።»

ከዚያ ላላ አድርጎ አሰረው። እብጠቱ እስኪጎድል አምስት ቀን ጠበቀ። በስድስተኛው ቀን በዚያው ቀርከሃ፣ ልክ እንደሚያስተምረው አጥብቆ አሰረው፤ ሕመሙም በረደ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ተማሪውን ከበሽተኛው አጠገብ አስቀምጦ ጠዋትና ማታ ጣቶቹን ያስይዘው ነበር።

ትርንጎ ልጄ፣ የጥበብ መጻሕፍት የዚያን ወጌሻ ቃል ይመስላሉ። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ኑሮን ዘመናቸውን ሙሉ ሲዳስሱ ኖረው፣ እንዲህ ብታደርጉ መልካም ይሆንላችኋል ብለው የነገሩን ነው። እንዴት ያለ ድንቅ ስጦታ ነው! ልጅን በቅን መንገድ ምሩ ማለታቸውም ደግ ምክር ነው፤ ነገ ለምትወልድ ሴት እኔም እሱኑ ነው የማስተምራት። ልቡ የተሰበረ ሰው እንዲከሰስበት ግን አልተጻፈም። ለዚህም ነው እግዚአብሔር ከምክሩ መጽሐፍ አጠገብ ያለ በደሉ ልጆቹንና ሀብቱን አጥቶ የተሠቃየውን የዚያን ጻድቅ መጽሐፍ ያኖረልን። «በድለህ ነው» ያሉት ወዳጆቹ የተናገሩት አብዛኛው ለጆሮ ደግ ነገር ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ተቆጣቸው። ሁለቱን አብረሽ አንብቢ፤ አንዱን ብቻ ይዘሽ ወደ ሰው ቤት አትሂጂ።

ጓደኞችሽ ጥቅሱን በትክክል ጠቅሰዋል። አንቺ እንዴት እንደሰነበትሽ ግን አንዳቸውም አልጠየቁም። የት ጋ አጠፋሁ እያልሽ አራት ዓመት ራስሽን ስትበዪ ኖረሻል፤ ይብቃሽ። ልጁ ልምጣ ብሏል። ጥፋትም ካለ፣ ምክርም ካስፈለገ፣ በልቶ ካረፈ በኋላ እኔ ራሴ መጥቼ እንነጋገራለን። አሁን ሂጂና ና በይው።