ከቆርቆሮው ጀርባ የነበረ ጌሾ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብቱ ሁሉ አንድ ረድፍ ጌሾ።

ጌሾ ሀብት ነው ወይ ብለሽ አትሳቂ፣ ትርንጎ። ሙያዬን ለሌላ ባስተምር ነገ ማን ይፈልገኛል ብለሽ ጠይቀሽኛልና ይህን ሰው ስሚው። ጊዜው ከእሳቱ ወዲህ ነው። ከተማው ነዶ፣ ዝናቡ ጠፍቶ፣ ከሞት የተረፈው ሰው በየፍርስራሹ ተጠግቶ የሚኖርበት ጊዜ። መኪናው ሁሉ መንገድ ላይ እንደቆመ ዝጓል፤ የቢራ ፋብሪካው ትላልቅ ጋኖች የርግብ ቤት ሆነዋል። ገብስ እንደምንም ተገኘ፤ ብቅል ማብቀል የሚችልም አልጠፋም። ጌሾ ግን አልነበረም። ያለ ጌሾ ደግሞ ብቅሉ ውሃ ውስጥ ቢያድር ይኮመጥጣል፣ ሆድ ይነፋል እንጂ ጠላ አይሆንም። ጠላን ጠላ የሚያደርገው መራራው ነው።

ጠላ ቢቀር ምን ይጎድላል ትይኝ ይሆናል። በረሃቡ ዘመን ሰዉ እርስ በርሱ ብዙ ተበዳድሏል፤ ወንድም በወንድሙ ላይ በር ዘግቷል። እነዚያን ሰዎች መልሶ ባንድ ደጅ ያስቀመጠ ዳኛ አልነበረም፤ ጠላ ነው። ቀጂው ይቀዳል፣ አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል፣ መርዝ እንደሌለበት ካዩ በኋላ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አንገቱ በተቆረጠ የቢራ ጠርሙስ እየጠጡ ነው እርቅ የወረደው።

ሰውየው ጌሾውን ያገኘው ከአንድ የፈረሰ ግቢ ጥግ ነው። ነቅሎ ወስዶ በጓሮው ተከለው፤ ዙሪያውንም በቆርቆሮ አጠረው። ለሰው የነገረው ግን ሌላ ነው። ጌሾውን የማመጣው ከሩቅ ቆላ፣ ሽፍታ ከሞላበት አገር ነው አለ። አለቀ ሲሉት አህያውን ነድቶ ሰው እያየው ይወጣል። ከዚያ ከፋብሪካው ፍርስራሽ ገብቶ ከርግቦቹ ጋር ይሰነብትና፣ አስቀድሞ የደበቀውን ጆንያ ጭኖ፣ ፊቱን አቧራ ቀብቶ ይመለሳል። ሴቶቹም እልል እያሉ ይቀበሉታል። ጌሾውን በቅጠሉ ለማንም አይሰጥም፤ ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ ዱቄት አድርጎ እንጂ። ቅጠሉን ያየ ዘሩን ይፈልጋል ብሎ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በይ። በረሃቡ ጊዜ አንድ ጭብጥ ቆሎ ለምኖ በር የተዘጋበት ሰው ነው። ጌሾ ካገኘ ወዲህ ግን እህሉ ከየቤቱ ይመጣለታል፤ ሲገባም ይነሱለታል። የሚነሱት ለጌሾው እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ ያምን ነበር። ጌሾው በየጓሮው ቢበቅል ነገ ማን ዞር ብሎ ያየኛል ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው።

በመንደሩ ጌሾን በቅጠሉ የምታውቅ አንዲት ባልቴት ብቻ ነበረች። የቀረው ከተሜ ነው፤ ቢራ በጠርሙስ ሲጠጣ የኖረ፣ ጌሾንም ካየ ተፈጭቶ በፌስታል ታስሮ ሲሸጥ ያየ። ባልቴቷ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ናት፤ ዓይኗ ግን ጠፍቷል። አንድ ቀን ግድግዳ እየዳበሰች ደጁ ድረስ መጣችና ለመነችው። ዘር ስጠኝ አላለችም። ወደ ቆላ ስትወርድ አንዲት እርጥብ ቅርንጫፍ አምጣልኝ፣ እኔ ነገ ሟች ነኝ፣ ቅጠሉን ለእነዚህ ልጆች ላስይዛቸው ነው ያለችው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይደርቅብኛል አላት። ጌሾው ከቆመችበት ግድግዳ ጀርባ ነበር።

በክረምት መውጫ ሰውየውን ንዳድ ጣለው። ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ ኋላም ራሱን ሳተ። ጎረቤቶቹ ተጠራርተው መጡ። ስለሚወዱት መጡ ወይስ ጌሾ እንዳይቀርባቸው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሰው እንደዚያ ነው። ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሰውየው በብርድ ሊያልቅ ነው። እንጨት ደግሞ በዚያ አገር ከእህል የባሰ ብርቅ ነበር፤ ያለው ሁሉ ነዶ አልቋል። አንደኛው በቆርቆሮው ስንጥቅ አጮልቆ ቢያይ ቁጥቋጦ አየ። ለታመመ ሰው ቁጥቋጦ አይሳሳለትም ተባባሉና ቆርቆሮውን ነቅለው ገቡ። ከላይ ከላይ ቢቆርጡት ኖሮ መልሶ ባቆጠቆጠ ነበር። ሥሩ ፍም ያቆያል ብለው እሱንም ቆፍረው አወጡት። ለእሱ ሲሉ ምንም አላስቀሩም።

እርጥብ ስለነበረ ቤቱን ጭስ ሞላው። አንዲት ሴት አጥሚት አፈላችበት፤ ሌላዋ እግሩን ወደ እሳቱ አስጠጋችለት። ጭሱም ወጥቶ መንደሩን ዞረ። ባልቴቷ በትሯን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጌሾ የሚያነደው ማነው?» አለች።

ሳቁባት። እማማ፣ ጌሾ እዚህ ምን ሊሠራ፣ ይሄ የጓሮ ቁጥቋጦ ነው አሏት። እሷ ግን በሙቀቱ እየተመራች ወደ ምድጃው ሄደች፤ መሬቱን ዳብሳ ከእሳቱ ዳር የቀረች አንዲት ቅጠል አገኘች። በጣቶቿ አሸቻት፤ አፏ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ እዚያው አመዱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሳቁም ቆመ።

ሰውየው በዚህ መሐል ነቅቶ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ ያነደድነው ምንድን ነው ብለውም ጠየቁት። ጌሾዬ ነው እንዳይል ያን ሁሉ ዘመን ወደ ቆላ አለመውረዱ ይታወቅበታል። አይደለም እንዳይል ባልቴቷ ቅጠሉን አላምጣዋለች። ሥሩን እንኳ አትርፉልኝ እንዳይል ሥሩ ፍም ሆኗል። እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ።

«ሞቆኛል» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይል አልነበር? የጠረጠረውም ተመነጠረ። ንዳዱ ለቀቀውና ብዙ ዓመት ኖረ። የሚያሳዝነኝን ልንገርሽ፤ እህሉ አልቀረበትም። ከየቤቱ እንደ ድሮው ይመጣለት ነበር፤ ከባልቴቷ ቤት ሳይቀር። ያን ያህል የፈራው ረሃብ ደጁን አልረገጠም። ይብላ እንጂ አንገቱን ቀና አድርጎ አልበላም። የጠላው ጋን ሁሉ ደረቀ፤ ባንድ ደጅ መቀመጡ ቀረ። ጥል ሲነሳ የሚታረቅበት ስላጣ ሰዉ የድሮውን በደል ማንሳት ጀመረ፣ በየአቅጣጫው ተበተነ። ያ መንደር ዛሬ የለም።

እንግዲህ አንቺ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የተጣመመ ሽል አቅንቶ ማዋለድ የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ሴቶቹ አሳዪን እያሉ ይለምኑሻል፤ አንቺ ግን ሁሉንም ከጓዳ አስወጥተሽ፣ መጋረጃ ጋርደሽ ነው የምታዋልጂው። መጋረጃሽ የዚያ ሰውዬ ቆርቆሮ ነው። ካስተማርሻቸው በኋላም ያበሉሻል ብዬ ልምልልሽ አልችልም፤ የሰውን ነገር ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ቅድም ውሃ ስትሰጪኝ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ልጅሽ ደግሞ ወሯ ገብቷል። አንቺን ንዳድ ጥሎሽ እሷን ምጥ የያዛት ቀን የሚደርሱላት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ደጎች ናቸው፤ ይወዷታል። የትኛው እንደሚጎተት፣ የትኛው እንደማይነካ ግን አያውቁም፣ አላሳየሻቸውማ። እንዳወቁ ይጎትታሉ። አንቺ ከግድግዳው ወዲህ ተኝተሽ ጩኸቷን ትሰሚያለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ጩኸቷ ሲቆም ትሰሚያለሽ። ሴቶቹ እጃቸውን ታጥበው ወደ አንቺ ሲገቡ ምን ትያቸዋለሽ፣ ትርንጎ? እግዜር ይስጥልኝ?