የአቶ ሽብሩ መሰላል

አቶ ሽብሩ ለክልሉ ምክር ቤት አራት ጊዜ ተወዳድረው አራቱንም ጊዜ አሸንፈዋል። የምርጫ ምልክታቸው ሁልጊዜ መሰላል ነው። ታዲያ አንዴ ከተመረጡ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ ዓይናቸውን ያየ ሰው የለም። ቃል የገቡት ድልድይም እንደሳቸው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ለአምስተኛው ምርጫ ሲመጡ አንዲት ምላሰኛ ጠላ ሻጭ «ዘንድሮስ አልመርጣቸውም» ማለቷን ሰሙ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ሊያሳፍሯት ፈልገው አስነሷት።

«እስከ ዛሬ መርጠሽኛል ወይስ አልመረጥሽኝም?» አሏት።

አልመረጥኩም ብትል ጠላታቸው ልትባል ነው፤ መርጫለሁ ብትል ደግሞ ማጥመጃው ተዘጋጅቶላታል።

«ኧረ መርጬዎታለሁ ጌታዬ! አራቱንም ጊዜ።»

አቶ ሽብሩ ወደ ሕዝቡ ዞረው ፈገግ አሉ። «ሰማችሁ አይደል? ታዲያ ዛሬ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም። እኛ መሰላሉን ደግፈን ያዝንልዎ፣ እርስዎ ወጡ። ይኸው ያን ጊዜ እንደያዝነው አለን፤ እርስዎ እላይ ተመችቶዎት ረስተውን ነው እንጂ እጃችን ዝሏል። እባክዎ አሁንስ ይውረዱልንና እንረፍ!»