የቀኛዝማች ኮሶ

ቀኛዝማች ድልነሳሁ ናቸው በገበያ መሀል «ቅጠል በጣሽ፣ መርዘኛ!» ብለው መድኃኒት አዋቂዋን ሴት የሰደቧት። እሷ እንኳ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ምች ሲመታው በዳማከሴ አሽታ፣ ሆዱን ሲቆርጠው ጤና አዳም አጠጥታ ያሳደገች ሴት ናት። ስድቡን ዋጥ አድርጋ ቤቷ ገባች።

ወር ሳይሞላ ጥሬ ሥጋ የማይጠግቡት ቀኛዝማች የኮሶ ትል ያዛቸው። ሎሌ ላኩባትና ኮሶውን ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ በማለዳ ይዛ ቀረበች። እሳቸው ለካ የአገሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ኖሯል የሚጠብቋት።

«በይ፣ ዋንጫውን አንቺው ጨልጪው! እምቢ ካልሽ መርዝ ነው ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ካገሬ ትወጪያለሽ» አሏት።

ኮሶ፣ ትል የሌለበት ሆድ ከገባ፣ አንጀት ይዞ እንደሚወጣ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጓሮዋ በቀር ደግሞ መሄጃ የላትም። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጌታዬ፣ ያን ሁሉ ሙዳ ሲቆርጡ አንድ ቀን ‹ነይ ቅመሽ› ብለውኝ ያውቃሉ? ሥጋውን ብቻዎን በልተው ኮሶው ሲመጣ ነው እኔ ትዝ ያልኩዎት? መርዝ ከመሰለዎት ይተዉት፤ ትልዎን እየቀለቡ ይኑሩ። መቼም በዚህ አገር እርስዎ አብልተው ያጠገቡት እሱን ብቻ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቀኛዝማች ዋንጫውን መንጭቀው ፊታቸውን እንዳጨማደዱ ጨለጡት።

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ባለጉዳይ ከተኮለኮለበት ደጃቸው ሄዳ ቆመችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች፦

«ቀኛዝማች፣ እንዴት አደሩ? ለመሆኑ ትሉ ስንት ክንድ ወጣው?»