መንገድ ላይ የቀረችው ጉርሻ

«የምታጎርሺውን ሰው አንገቱን አታስግጊው፤ ነውር ነው» ብላ አክስቷ በልጅነቷ መክራት ነበር።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ ሕመምተኛ ልጇን አዝላ በየሳምንቱ ሆስፒታል የምትመላለስ እናት ሆነች። ድሮ አውቶቡሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ያወርዳት ነበር። በኋላ የትራንስፖርት ኃላፊው አቶ ደምመላሽ መስመሩን ቆረጡትና «ከእንግዲህ አውቶቡሱ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ ባቡሩ ይቀበላል» አሉ። አውቶቡሱ ግን ሰውን የሚያራግፈው ከጣቢያው ፊት ካለው ቦይና አጥር ወዲህ ነው። ሕዝቡ በጭቃው ዞሮ ጣቢያው ሲደርስ ባቡሩ ሄዷል።

አቶ ደምመላሽ አዲሱን መስመር ሊያስመርቁ ድንኳን ጥለው ሰፈሩን ጋበዙ። ካሜራው ሲቀርብ ልጅ ያዘለችውን ሴት አዩና፣ «ነይ እስቲ የኔ እመቤት! በእናቶች ስም አጉርሺኝ፤ ምስጋናሽን አገር ይየው» አሏት።

እምቢ ብትል ምስጋና ቢስ ልትባል ነው፤ ብታጎርስ ደግሞ መስመሩ ተስማምቷታል ሊባል ነው።

«እሺ ጌታዬ» አለችና እጇን ታጥባ እንጀራውን በአልጫ ጠቀለለች። ኃላፊው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። እጇ ክንድ ያህል ሲቀረው ቀጥ አለ።

«ምነው? አድርሺዋ እንጂ!» አሉ አንገታቸውን አስግገው።

«አድርሻለሁ እኮ ጌታዬ። የኔ መስመር እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው፤ የቀረውን እርስዎ በእግርዎ ይምጡ። ሲደርሱ ጉርሻዋ ሄዳ ከሆነ፣ እንደኛው ቆመው ቀጣዩን ይጠብቃሉ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

እሷም ልጇን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ አዞረችና ጉርሻዋን አፉ ድረስ አደረሰችለት።