ከዛፍ ላይ የተባለ «ኖር»

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ወግ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ አገር አንድ ወጣት ጉሬዛ ከታማሚ እናቱ ጋር ትልቅ ዋርካ ላይ ይኖር ነበር። እናቱ መራመድ ስላቃታት ውላ የምታድረው በግንዱ ፍልፍል ውስጥ ነው። ጉሬዛ ፍሬ ለቅሞ ያጎርሳታል፤ ከእሷ ሌላ ዘመድ አልነበረውም።

የአገሩ ወግ እንዲህ ነው፦ ከዛፉ ሥር ታላቅ ሲመጣ፣ ከላይ ያለው ወርዶ፣ ቆሞ «ኖር» ይላል። እንግዳውም «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። ጨዋታ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አሮጊቷ ኤሊ እየተንፏቀቀች መጣች። ጉሬዛ ከጦጣ ጎረምሶች ጋር ተቀምጦ ነበርና ሊወርድ ብድግ አለ።

«ለድንጋይም ትነሳለህ እንዴ?» አለው አንዱ ጦጣ።

ጉሬዛ አፈረና ተመልሶ ተቀመጠ። እግሩን አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በንቀት «ኖር» አላት። ጦጣዎቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደስ አለው።

«ልጄ፣ ድምፄ ደክሟል። ወርደህ ስማኝ» አለች ኤሊ።

«የመሬት ወሬ ለመሬት ይሁን፣ አንቺ አሮጊት» ብሎ የፍሬ ልጣጭ ጀርባዋ ላይ ጣለባት።

«ማን መጣ፣ ልጄ?» አለች እናቱ ከፍልፍሉ ውስጥ።

«ማንም።»

በማግስቱም ኤሊ መጣች። ጉሬዛም እግሩን አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ በንቀት «ኖር» አላት።

«ወርደህ ስማኝ፣ ልጄ።»

አልወረደም። እሷም እየተንፏቀቀች ተመለሰች።

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ኖር ያልከው ለማን ነው? ደግሞ ድምፅህ ከላይ ነው የመጣው። በንቀት የተባለ ኖር እኮ ከስድብ ይከፋል፣ ልጄ።»

ጉሬዛ ፍሬ ለቀማ ሄደ።

በሄደበትም ንፋስ ተነሳ። ሲመለስ ዋርካው ከሥሩ ተገንድሶ ወድቋል። እናቱን ከፍልፍሉ አወጣት። የለቀመውን ፍሬ ወደ አፏ አስጠጋ። አልጎረሰችም።

ጦጣዎቹ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ሄደዋል። ለቅሶ የደረሰችው ኤሊ ብቻ ናት። ጉሬዛ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ።

«ኖር፣ እማማ።»

«በእግዜር፣ ልጄ» ብላ ተቀመጠች።

«ያን ጊዜ ምን ሊነግሩኝ ነበር?»

«ሥሩን ምስጥ በልቶታልና እናትህን አሽሻት ልልህ ነበር።»

ጉሬዛ ራሱን ይዞ አቀረቀረ። ኤሊም እስኪመሽ አብራው ተቀመጠች።

እናም ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር እንዲህ ይባላል፦ ታላቁን የናቀ፣ ቤቱ ሲወድቅ አወቀ።