የአቶ ውብአንተ ኮምፒውተር ልብስ

ባለፈው ሚያዝያ መተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት የአቶ ውብአንተ አሮጌ ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያለ ጠፋና አልነሳ አለ። ኃላፊው ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው አሉ። ጸሐፊያቸውን ስንዱን ሊያባርሯት ፈልገው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡና ጠጋኝ አስጠሩ።

ጠጋኙ ሳጥኑ የለበሰውን ባለ ጥልፍ ጨርቅ ገፎ ከፈተው። ዋናው ሰሌዳ ላይ የተተከሉት ትንንሽ ጣሳ መሳይ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ ፈሳሽ አውጥተዋል።

"ሙቀት ነው የጨረሳቸው" አለ።

"ሙቀት አይከሰስም" አሉ አቶ ውብአንተ። "የምፈልገው የሰው ስም ነው። የእሷን ስም ካልጠራህ አንተም ተባባሪ ነህ።"

ስንዱ አንገቷን ደፋች። ኮምፒውተሩ ሲሠራም እንኳ ጨርቁ እንዳይወልቅ፣ ለቢሮው ክብር ነው ብለው ያዘዙት እሳቸው ነበሩ። ይህን ደፍሮ የሚናገር ግን አልተገኘም።

ጠጋኙ ጨርቁን አራግፎ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"እሺ ጌታዬ። እርስዎ ይህን ከአናትዎ ጀምረው ይከናነቡና እስከ ምሳ ሰዓት ሥራዎን ይሥሩ። ደህና ከወጡ ስሟን እጠራለሁ።"

አቶ ውብአንተ ላባቸውን ጠረጉ፤ ጨርቁን ግን አልተቀበሉም። ስብሰባው ተበተነ፤ ስንዱም ከሥራዋ ሳትባረር ቀረች።

በሰኔ ጠጋኙን ልታመሰግን ሱቁ ሄደች። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ጥልፍ ትጠልፋለች። የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሁሉ የምታለብሰው እሷ ነበረች።