የጭቃ ሹሙ ጫማ

ልጆች፣ ድሮ ድሮ፣ ባላገር ሁሉ በባዶ እግሩ በሚሄድበት ዘመን፣ በአንድ አገር አንድ ጭቃ ሹም ነበረ። «ከእኔ ሌላ ጫማ ያደረገ ይገረፋል!» ብሎ አዋጅ ያስነገረ ጉደኛ ነው። ያን የተከበረ ጫማ ግን ቀትር ላይ ያወልቅና አንድ ሾላ ዛፍ ሥር ያንኮራፋል።

ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዱካ አይዋሽም!» ይላል። የባዶ እግር ዱካ ካየ ደስ ያለውን ሰው ይዞ ላሙን ይነዳል። አንድ ጊዜ አተር ተሰርቆ ትንሽ ዱካ ተገኘ። «የልጅሽ ነው!» ብሎ ባሏ የሞተባትን የየሻረግን አንድያ ላም ነዳባት። ወይ አለማፈር! ዱካው የጦጣ ነበር።

ጦጢት ሾላው ላይ ሆና ይህን አየች። «ባዶ እግር ይከሰሳል፤ ጫማን ግን ማን ደፍሮ ይከሳል?» አለች። ጭቃ ሹሙ ሲያንኮራፋ ጫማውን አጠለቀች። ኳ ኳ እያለች ሄዳ የሰው ሽምብራ ጠርጋ በላች፤ ጫማውንም መልሳ ቦታው አኖረች። በማግስቱም ኳ ኳ! ባለማሳዎቹ ዱካውን ሲያዩ ደንግጠው በእግራቸው አጠፉት። ጌታ ሲሰርቅ ያገሩ ዓይን ይታመማል።

ቀጥሎ የየሻረግ አተር ተበላ። እሷ ግን ዱካው ላይ ቁና ደፍታ ጭቃ ሹሙን ጠራችው። አገሬውም ተከትሎ መጣ።

«ጌታዬ፣ ሌባ ገባብኝ። ዱካውን ከድኜዋለሁ።»

«ዱካ አይዋሽም! ባለ ዱካው ማንም ይሁን ማን፣ ለአንቺ ላም ለእኔ በሬ ይክፈል!»

የሻረግ ቁናውን አነሳች፤ የጫማ ዱካ! ሁሉም የጭቃ ሹሙን እግር አየ።

«ይ... ይሄ ጫማ የእኔ አይደለም!»

«ታዲያ የማን ይሁን ጌታዬ? ከእርስዎ ሌላ ማን ተጫምቶ?»

«የእኔ አይደለም! በሹመቴ እምላለሁ!» ብሎ ጫማውን አውልቆ ወረወረው።

ጦጢት ማሳው ዳር ካለ ዛፍ ዱብ አለች፤ አጠለቀችው፤ ኳ ኳ እያለች በፊታቸው አለፈች።

«ያቻት ሌባዋ! ያዙልኝ! ጫማዬን!»

«የእኔ አይደለም ብለው አሁን ማሉ እኮ» አለች የሻረግ። «የሰው ጫማ ምን አገባዎት? ይልቅ ላሜን ያምጡ።»

ጭቃ ሹሙ ላሟን ሊያመጣ በእሾሁ መሀል በባዶ እግሩ ሄደ። «ኧረ እግሬን!» እያለ ሲዘል ልጆቹ ከኋላ ከኋላው «አይዞዎት ጌታዬ፣ እኛም እንዲህ ነው የለመድነው!» ይሉት ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አገሬው እንዲህ ይላል፦ ብቻውን ተጫማ፣ ብቻውን ታማ።